ቁልፉ ይዞራል፣ ሞተሩ ዝም ይላል
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም ከወሎ የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ አሮጌ የጭነት መኪና ማስነሻ ሽቦዎች ናቸው። ለሁሉም የሚያስፈልገው መሣሪያ ጥቂት ነው፦ አንድ ቴስተር (የቮልትና የኦም መለኪያ)፣ ከአሮጌ የፍሬቻ አምፖልና ከሁለት ሽቦ የተሠራ የሙከራ አምፖል፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ የብርጭቆ ወረቀት። ሞተር ከማዞራችሁ በፊት ማርሹ ዜሮ ላይ መሆኑን እዩ፣ የእጅ ፍሬን ሳቡ፣ ጎማው ሥር ታኮ አስገቡ። ደሴ ውስጥ ደልዳላ የመኪና ማቆሚያ ከየት ይገኛል? ሽቦ ስትፈቱና ስትገጥሙ ደግሞ መጀመሪያ የባትሪውን ኔጌቲቭ አላቅቁ።

ጥያቄ፦ እህል የማመላልስበት የቤንዚን ላንድክሩዘር ፒክአፕ፣ ኤፍጄ 45፣ አለኝ። ቁልፉን እስከ መጨረሻው ሳዞር ሞተሩ ወዲያው ይነሳል። እጄን ስለቅና ቁልፉ ሲመለስ ግን ያኔውኑ ይጠፋል። ቦቢና ቀየርኩ፣ ምንም ለውጥ የለም። አንድ ሠራተኛ ከባትሪ በቀጥታ ወደ ቦቢናው ሽቦ ሳበልኝና ሦስት ቀን ሠራ። በአራተኛው ቀን አዲሱ ቦቢና አብጦ ዘይት አፈሰሰ፣ ፑንቲናውም ጠቆረ። ወላሂ ቦቢና መግዛት ሰለቸኝ።
ሾፌር፣ ከሐይቅ

መልስ፦ አብሽሩ፣ ሦስተኛ ቦቢና አይግዙ። ከመጀመሪያውም ጥፋቱ የቦቢናው አልነበረም።

በእንዲህ ዓይነት መኪና ቦቢናው (የባትሪውን ቮልት ለካንዴላ እሳት ከፍ የሚያደርገው ጥቅልል) ኤሌክትሪክ የሚያገኘው በሁለት መንገድ ነው። ሞተሪኖው (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው የኤሌክትሪክ ሞተር) በሚዞርበት ጊዜ የባትሪው ሙሉ ጉልበት በቀጥታ ይደርሰዋል። ቁልፉ ሲለቀቅና ወደ መደበኛው ቦታ ሲመለስ ይህ መንገድ ይዘጋና ሌላው ይከፈታል፤ ይኸኛው በሬዚስታንስ በኩል ያልፋል። ሬዚስታንሱ ከቦቢናው ጎን ወይም ከማሰሪያው ላይ የተገጠመ፣ ብዙ ጊዜ ነጭ ሸክላ የሚመስል፣ ሁለት ሽቦ የሚገባበት ትንሽ ዕቃ ነው። የእርስዎ ሞተር በማስነሻው ላይ ተነስቶ ሲለቁት የሚጠፋ ከሆነ የመጀመሪያው መንገድ ደህና ነው፣ የተቋረጠው ሁለተኛው ነው። ስለዚህ ፍለጋው በሦስት ነገሮች መካከል ይጠባል፦ ሬዚስታንሱ፣ የቁልፉ ቤት፣ በሁለቱ መካከል ያለው ሽቦ።

አፈላለጉ እንዲህ ነው። የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን ያንሱና ሞተሩን በእጅ እያዞሩ ፑንቲናው (የቦቢናውን ኤሌክትሪክ የሚከፍትና የሚዘጋው) የተዘጋበት ቦታ ላይ ያቁሙት። ያን ከባትሪ የተሳበ ሽቦ ይንቀሉ። ቁልፉን ይክፈቱ፣ ግን ሞተሩን አያስነሱ። የቴስተሩን ጥቁር ጫፍ ንጹሕ ማሳ (ከባትሪው ኔጌቲቭ ጋር የተገናኘ የመኪናው ብረት) ላይ፣ ቀዩን በቦቢናው ፖዘቲቭ ላይ ያድርጉ። ጤነኛ ከሆነ ከ5 እስከ 8 ቮልት ያነባል። 12 ካነበበ ሬዚስታንሱ ተዘሏል ማለት ነው። ዜሮ ካነበበ (የእርስዎ ዜሮ እንደሚሆን እንጠብቃለን) ቀዩን ጫፍ ወደ ሬዚስታንሱ መግቢያ ያዛውሩ። መግቢያው ላይ 12፣ መውጫው ላይ ዜሮ ከሆነ ሬዚስታንሱ ውስጡ ተበጥሷል፤ ዕቃውም ዋጋው ከቦቢና ያነሰ ነው። መግቢያውም ላይ ዜሮ ከሆነ ወደ ቁልፉ ቤት ይውረዱ። ከጀርባው ከባትሪ የሚመጣው ሽቦ ላይ 12 ቮልት ኖሮ ወደ ቦቢና የሚሄደው ላይ ከሌለ የቁልፉ ቤት ውስጡ ተቃጥሏል። ቁልፉን በትንሹ እያነቃነቁ ያንብቡ፤ ንባቡ ብቅ እልም የሚል ከሆነ ጥርጣሬ አይቀርም። ቁልፉ ላይ ከባድ የቁልፍ ጥቅል ማንጠልጠልም ውስጡን ቶሎ ይበላዋል።

በሽቦ ቀለም አይመሩ። ሠላሳና አርባ ዓመት የሠራ መኪና ሽቦው ስንት ጊዜ እንደተቀጠለ ማንም አያውቅም፤ ከክሩስኮቶው ሥር ቀይ ሆኖ የገባው ከኮፈኑ ሥር ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል። አንዱን ሽቦ ከሌላው የሚለየው ቴስተር ብቻ ነው።

አሁን ቦቢናው ለምን አበጠ? ሒሳቡ ቀላል ነው። ከሬዚስታንስ ጋር የሚሠራ ቦቢና ዋና ጥቅልሉ ወደ 1.5 ኦም ነው፣ ሬዚስታንሱም በዚያው ገደማ። ተደምረው 3 ኦም ሲሆኑ በ12 ቮልት 4 አምፒር ያልፋል፤ ቦቢናው ላይ የሚቀረው ሙቀት 24 ዋት ነው። ሬዚስታንሱን ዘለው ባትሪውን በቀጥታ ሲሰጡት 8 አምፒር ያልፋል፣ ሙቀቱ ግን እጥፍ ብቻ አይሆንም፤ 96 ዋት ይደርሳል፣ አራት እጥፍ። በዚያ ላይ የተሳበው ሽቦ በቁልፉ በኩል ስላላለፈ መኪናው ቆሞም ኤሌክትሪክ አልተቋረጠም። ሞተሩ ሲቆም ፑንቲናው ተዘግቶ ከዋለ ቦቢናው እንደ ምጣድ ሲግል ይውላል። ፑንቲናውን ያጠቆረውም ይኸው ትርፍ አምፒር ነው። ቁልፍ ከፍቶ ሞተር አጥፍቶ ሙዚቃ ማዳመጥም መጨረሻው ይኸው ነው።

አዲስ ቦቢና የግድ ካስፈለገ ሱቅ ውስጥ ሳሉ በቴስተር ይለኩት። በሁለቱ ትንንሽ ጫፎች መካከል 1.5 ኦም ገደማ ካነበበ ሬዚስታንስ ይፈልጋል፤ 3 ኦም ገደማ ካነበበ በራሱ የሚበቃ ነው፣ ሬዚስታንስ ከጨመሩበት እሳቱ ይደክማል። ሲገጥሙት ፖዘቲቭና ኔጌቲቩን አያገላብጡ። ቢገላበጥም ሞተሩ ይነሳል፣ ግን እሳቱ ደካማ ስለሚሆን ጭኖ ሽቅብ ሲወጣ ይቆራርጣል። ብዙ ሰው ታዲያ ካርቡራተር ይፈታል።

ፑንቲናው ጠቁሯልና ይቀይሩት። ሞተሩ ሁለት ኤፍ (2F) የሚባለው ከሆነ ክፍተቱ 0.45 ሚሊ ሜትር ነው፤ ፊለር ጌጁን (ስስ የክፍተት መለኪያ ብረት) የሚያስገቡት የፑንቲናው እግር በካሙ (ፑንቲናውን ገፍቶ የሚከፍተው የዲስትሪቢዩተሩ ጉብታ) ጫፍ ላይ ሲቆም ነው። ድዌል (ፑንቲናው ተዘግቶ የሚቆይበት ዲግሪ) መለኪያ ያለው ጋራዥ ካገኙ 41 ዲግሪ ይሙሉት። ካሙን የክብሪት ራስ በምታህል ግሪስ ብቻ ይቀቡት፤ ከዚያ ከበዛ ሲግል ተረጭቶ ፑንቲናውን ያቃጥላል። አሮጌውን ሳይጥሉ አንድ ጊዜ ይመልከቱት። አንዱ ፊት ላይ ጉብታ፣ በሌላው ላይ ጉድጓድ ካለ ኮንደንሰሩም (ከፑንቲናው ጋር የታሰረው፣ ብልጭታውን የሚቀንሰው ዕቃ) አብሮ ይቀየር። የሁለቱን ዕቃ ዋጋ ካሰቡት ሁልጊዜ አብረው ቢቀየሩ አይከፋም።

ጥያቄ፦ አሮጌ ኢሱዙ ኤንፒአር፣ 24 ቮልት፣ አለን። ጠዋት ኮምቦልቻ ላይ በአንድ ዙር ይነሳል። ጭነን የሐረጎን ዳገት ወጥተን ደሴ ላይ ካጠፋነው ግን «ቀጭ» ይላል እንጂ አይዞርም። ግማሽ ሰዓት ካረፈ ይነሳል። አንዳንዴ ረዳቱ ሞተሪኖውን በመዶሻ ሲመታው ይነሳል። ሁለቱም ባትሪዎች ከተቀየሩ አራት ወር አልሞላቸውም።
ባለንብረት፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ «ሲግል እምቢ፣ ሲበርድ እሺ» የሚል ሞተሪኖ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ ነው፤ እያንዳንዱ ለብቻው ትንሽ ነው፣ ተደምረው ያቆሙታል። መዳብ ሲግል ኤሌክትሪክ የሚከለክለው በየዲግሪው 0.4 በመቶ ገደማ እየጨመረ ነው። 20 ዲግሪ ላይ የነበረ የሶሌኖይድ (ቁልፉ ሲዞር ስቦ ኤሌክትሪኩን ወደ ሞተሪኖው የሚያሳልፈው ማግኔት) ጥቅልል 100 ዲግሪ ሲደርስ ክልከላው በሢሶ ያህል ይጨምራል፣ የመሳብ ጉልበቱም ይወድቃል። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል በከባድ ማርሽ ሲወጣ ሞተሪኖው ከሞተሩ ጎን ተጣብቆ ይጋገራል። ጤነኛ ሽቦ ይህን ይችለዋል። የላላ ሞርሴቶ (የባትሪው ራስ ማሰሪያ)፣ የዛገ ማሳና ያረጀ የቁልፍ ቤት ሲታከሉበት ግን አይችለውም።

ልኬቱ መደረግ ያለበት መኪናው እምቢ ባለበት ሰዓት ነው፤ በርዶ ከተነሳ በኋላ የሚደረግ ምርመራ ምንም አያሳይም። አንድ ሰው ጋቢና ገብቶ ቁልፉን ይያዝ፣ ሌላው ቴስተር ይያዝ።

መጀመሪያ ባትሪዎቹ። የቴስተሩ ጫፍ በሞርሴቶው ላይ ሳይሆን በራሱ በባትሪው የእርሳስ ራስ ላይ ይቀመጥ። ቆሞ ሳለ ሙሉ የተሞሉ ሁለት ባትሪዎች ተደምረው 25.2 ቮልት ገደማ ያነባሉ፣ እያንዳንዱ 12.6። ቁልፉ ተይዞ ሲዞር ድምሩ ከ19 በታች ከወረደ ባትሪ ደክሟል ወይም ሞተሪኖው ከመጠን በላይ እየሳበ ነው። ሲሞከር ጭራሽ የማይወርድ ከሆነ ግን፣ 25 ላይ እንዳለ ከቀረ፣ ኤሌክትሪኩ ሞተሪኖው ውስጥ አልገባም።

ቀጥሎ ሞተሪኖው ላይ ሁለት ወፋፍራም ቡሎኖች አሉ፦ ከባትሪ የሚመጣው ገመድ የታሰረበት፣ እና ከሶሌኖይዱ ወደ ሞተሪኖው ሆድ የሚገባው። «ቀጭ» ሲል በሁለተኛው ላይ ያንብቡ። ምንም ከሌለ ሶሌኖይዱ ውስጥ ያለው መዳብ ተበልቷል ወይም ሶሌኖይዱ እስከ መጨረሻው አልሳበም። ከ20 በላይ ኖሮ የማይዞር ከሆነ የሞተሪኖው ካርቦን አልቋል። የረዳቱ መዶሻም የሚሠራው ለዚህ ነው፤ የተንጠለጠለው ካርቦን ለአንድ ጊዜ ይነካል። ጥቂት ቀን እንዲህ ይገፋል፣ ከዚያ አንድ ቀን ሚሌ በረሃ ላይ ያስቀራችኋል።

ሦስተኛው ማሳ ነው፣ የሚረሳውም እሱ ነው። የቴስተሩን አንድ ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ ራስ፣ ሌላውን በሞተሪኖው ገላ ላይ አድርገው ሞተሩ ሲዞር ያንብቡ። ከግማሽ ቮልት መብለጥ የለበትም። ከፖዘቲቩ ራስ እስከ ሞተሪኖው ወፍራም ቡሎንም እንዲሁ። ከበለጠ በመንገዱ ላይ የሚበላ ነገር አለ። 200 አምፒር በሚያልፍበት መስመር የ0.01 ኦም ዝገት ብቻ 2 ቮልት ይበላል፤ 0.01 ኦምን ደግሞ ተራ ቴስተር በኦም መለኪያው አያየውም። በቮልት መፈለጉ ለዚህ ነው።

ሞተሩ በቅርብ ወርዶ ተሠርቶ ከነበረ፣ ከሞተሩ ወደ ሻንሲ የሚያስረው ጠፍጣፋ የማሳ ገመድ መመለሱን ይመልከቱ። ሞተሩ የተቀመጠው በጎማ ላይ ስለሆነ ያ ገመድ ከሌለ ኤሌክትሪኩ የሚመለሰው ባገኘው ይሆናል፦ በነዳጅ መርገጫው ገመድ፣ በሞተር ማቆሚያው ገመድ። ሞተር ሲያስነሱ የነዳጁ ገመድ ከሞቀ ወይም ጭስ ከሸተተ ሌላ ማስረጃ አይፈልጉ። የገመዱን ጫፍ የሚያስሩበትን ቦታ ቀለሙ እስኪለቅና ብረቱ እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ይፈትጉት፣ ዳዶውን በደንብ ያጥብቁ፣ ከላይ ግሪስ ይቀቡ። የባትሪ ራስ ላይ የሚታየውን ነጭና አረንጓዴ አመድ በሙቅ ውኃና በቤኪንግ ሶዳ ያጥቡት፤ ውኃው ወደ ባትሪው ሆድ እንዳይገባ ክዳኖቹ ይዘጉ።

መጨረሻ ከቁልፉ ወደ ሶሌኖይዱ የሚመጣውን ቀጭን ሽቦ ይለኩ። ቁልፉ ተይዞ በሶሌኖይዱ ትንሽ ተርሚናል ላይ ያለው ንባብ በዚያው ሰዓት ከባትሪው ንባብ በ1.5 ቮልት በላይ ካነሰ የቁልፉ ቤትና ረጅሙ ሽቦ ደክመዋል። መድኃኒቱ ሪሌ (በትንሽ ኤሌክትሪክ ታዝዞ ትልቁን የሚያሳልፍ ማብሪያ) ነው፦ ባለ 24 ቮልት፣ ቢያንስ 30 አምፒር የሚችል። በሪሌው እግሮች ላይ በተጻፉት ቁጥሮች ይሰሩት፦ ከቁልፉ የሚመጣው አሮጌ ሽቦ ተቆርጦ 86 ላይ፣ 85 ወደ ማሳ፣ 30 ከባትሪ በ30 አምፒር ፊውዝ፣ 87 ወደ ሶሌኖይዱ። ለ30ና ለ87 የ4 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ይበቃል። ባለ 12 ቮልት ሪሌ መልኩ አንድ ስለሆነ ሱቅ ውስጥ ይቀላቀላል፤ 24 ላይ ከገጠሙት ጥቅልሉ ይቃጠላል። ገላው ላይ የተጻፈውን አንብበው ይግዙ።

ጥያቄ፦ ባለ 24 ቮልት መኪና ላይ ቴፑንና የስልክ ቻርጀሩን ከአንዱ ባትሪ 12 ቮልት ወስደን ብናሠራ ምን ችግር አለው?
ረዳት፣ ከባቲ

መልስ፦ አለው፣ ሁለት ባትሪ ያስከፍላል። ሁለቱ ባትሪዎች በተከታታይ ስለታሰሩ ዲናሞው የሚሞላቸው እኩል ነው። አንዱን ብቻ ከጠጡት እሱ ሁልጊዜ ይጎድላል፣ ሌላው ደግሞ ይትረፈረፋል፤ አንዱ ሳይሞላ ሲሞት ሌላው ውኃው ፈልቶ ይደርቃል። ከ24 ወደ 12 የሚቀንስ ኮንቨርተር ይግዙ። ከላይ የጠየቁት የኮምቦልቻው አንባቢም ቴፓቸው ከየት እንደሚስብ ቢያዩ ጥሩ ነው።

ጥያቄ፦ ዝናብ በጣለ ቁጥር የቁልፉ ፊውዝ ይቃጠላል፣ ሞተሩም በቁልፍ አይነሳም። ፀሐይ ሲሆን ምንም የለም። አሁን በፊውዝ ፈንታ የሲጋራ ፓኬት ብርማ ወረቀት ጠቅልለን ነው የምንሄደው።
ሾፌር፣ ከከሚሴ

መልስ፦ ወረቀቱን ዛሬውኑ ያውጡት። የፊውዝ ሥራ ከሽቦው ቀድሞ መቃጠል ነው፤ ወረቀቱ አይቃጠልም፣ የሚቃጠለው ከክሩስኮቶው ሥር ያለው ሽቦ ነው፣ እሱ ከተነሳ ደግሞ ጋቢናው ይከተላል።

ሽቦ ከመፍታትዎ በፊት አንድ ነገር ይለዩ፦ የሚያቃጥለው ዝናቡ ነው ወይስ የዝናብ መጥረጊያው? በብዙ መኪና መጥረጊያውና ቁልፉ በአንድ ፊውዝ ይጋራሉ። በደረቅ ቀን መስተዋቱን አርጥበው መጥረጊያውን አሥር ደቂቃ ያሠሩት። ፊውዙ ከሄደ ችግሩ የመጥረጊያው ሞተር ወይም የደረቀው ክንዱ ነው። ካልሄደ መጥረጊያውን አጥፍተው ኮፈኑ ሥርና ሻንሲው ላይ ያለውን የሽቦ ጥቅል ውኃ ይርጩበት፣ ቁልፉን ከፍተው ይጠብቁ።

ሽቦው መሆኑ ከታወቀ በፊውዝ ላይ ፊውዝ አያባክኑ። መኪናው ባለ 24 ቮልት ከሆነ በፊውዙ ቦታ ባለ 24 ቮልት፣ 21 ዋት የፍሬን መብራት አምፖል በሁለት ሽቦ ይግጠሙ። አምፖሉ ከአንድ አምፒር በላይ ስለማያሳልፍ ምንም አይቃጠልም። በዚያ ፊውዝ የሚሠሩትን ዕቃዎች አንድ በአንድ ይንቀሉ። ሁሉም ተነቅለው አምፖሉ ቦግ ብሎ ከበራ ሽቦው የሆነ ቦታ ማሳ ነክቷል። አሁን ጥቅሉን ከጫፍ እስከ ጫፍ እየነካኩ፣ እየጎተቱ፣ እያጣመሙ አምፖሉን ይመልከቱ፤ ሲጠፋ ወይም ብልጭ ድርግም ሲል እጅዎ ቦታው ላይ ነው። በቅድሚያ የሚታዩ ቦታዎች፦ ሽቦው ከጋቢና ወደ ሞተር የሚያልፍበት ቀዳዳ (ጎማው ወድቆ ብረቱ የሚቆርጠው)፣ የመሪው ቋሚ ሥር፣ የባትሪው ሳጥን ጠርዝ፣ ካምቢዮው ላይ የሚታሻው ክፍል። መኪናው እህል መጋዘን አጠገብ የሚያድር ከሆነ አይጥም ይጠርጠር፤ የተላጠው ቦታ የጥርስ ምልክት አለው።

የተላጠውን በናስትሮ ብቻ አይሸፍኑ። ቆርጠው በሊድ ይበይዱ፣ በሙቀት የሚሸመቀቅ ቱቦ ያልብሱ፣ ከብረቱ አርቀው ይሰሩ። የቤት መብራት ሽቦ ለመኪና አይሆንም፤ ውስጡ አንድ ወፍራም መዳብ ስለሆነ የመንገዱ ንዝረት በጥቂት ወራት ውስጥ ከውስጥ ይሰብረዋል፣ ከላይ ደህና መስሎ ይታያል። በብዙ ቀጫጭን መዳብ የተሠራውን ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ የኔ ደግሞ ተቃራኒው ነው። የናፍጣ ኢሱዙዬ ይነሳል እንጂ ቁልፉን ዘግቼ አይጠፋም። በአራተኛ ማርሽ ፍሬን ይዤ ፍሪሲዮን በመልቀቅ ነው የማጠፋው።
ሾፌር፣ ከወልድያ

መልስ፦ በማርሽ ማነቁን ይተዉት፤ ፍሪሲዮኑንና የሞተሩን ጎማ መቀመጫ ይጎዳል። ጥፋቱ እስኪገኝ ከናፍጣ ፖምፓው ጎን ያለውን የማቆሚያ ክንድ በእጅ ይሳቡት።

የናፍጣ ሞተር ካንዴላም ቦቢናም ስለሌለው ኤሌክትሪክ በመቁረጥ ብቻ አይጠፋም፣ የሚቆረጠው ናፍጣው ነው። አሠራሩ ሁለት ዓይነት ነው፣ ሁለቱም ተቃራኒ ናቸው። በአንደኛው ፖምፓው ላይ አንድ ሽቦ ብቻ የሚገባበት ትንሽ ሶሌኖይድ አለ፤ ኤሌክትሪክ እስካገኘ ናፍጣ ያሳልፋል፣ ሲያጣ ይዘጋል። በሁለተኛው ክንዱን የሚጎትት ሞተር ወይም ሶሌኖይድ አለ፤ ይህ ኤሌክትሪክ የሚያገኘው ቁልፉ ሲዘጋ ነው።

የእርስዎ የመጀመሪያው ከሆነ ቁልፉን ዘግተው ሞተሩ እየሠራ ሽቦውን ከሶሌኖይዱ ይንቀሉ። ሞተሩ ከጠፋ ሶሌኖይዱ ደህና ነው፣ ኤሌክትሪክ ከሌላ ቦታ ወደ ኋላ እየገባበት ነው፦ ቁልፉ ቤት ውስጥ የተጣበቀ መዳብ፣ አለዚያም አንድ ሰው ለቴፕ ወይም ለተጨማሪ መብራት ከዚያው መስመር የቀጠለው ሽቦ፣ ወይም ከዲናሞው በመሙያ መብራቱ በኩል የሚመለስ። ተነቅሎም ካልጠፋ ጥፋቱ ኤሌክትሪክ አይደለም፤ ሶሌኖይዱ ውስጥ ያለችው ዘንግ በቆሻሻ ናፍጣ ተጣብቃለች፣ ወይም የፊቷ ጎማ ተበልቷል። ይፈታ፣ በንጹሕ ናፍጣ ይታጠብ፣ ስፕሪንጓ እንዳትጠፋ በጨርቅ ላይ ይፍቱት።

ሁለተኛው ከሆነ ቁልፉ ሲዘጋ ክንዱን በሚጎትተው ሞተር ወይም ሶሌኖይድ ሶኬት ላይ 24 ቮልት መምጣቱን ያንብቡ። ካልመጣ ፊውዙን፣ ቀጥሎ ሪሌውን ይዩ። ቮልቱ እየመጣ ክንዱ የማይንቀሳቀስ ከሆነ ማሳውን ይለኩ፣ ክንዱንም በእጅ ይሞክሩት። በአቧራና በደረቀ ግሪስ ብቻ የታሰረ ክንድ ብዙ ነው፤ ጥቂት ዘይትና አሥር ጊዜ ወዲያ ወዲህ ማለት ይፈታዋል።